እንጦጦ የማን መናፈሻ ነው?
(ስለ ደን፣ ስለ ሽርሽርና ስለ እንጨት ሸክም አጭር የታሪክ ጽሑፍ)

ከስድስት ኪሎ ግቢያችን በር ላይ ቆመን ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ስናይ መንገዱ ሰማይ ላይ የሚያልቅ ይመስላል። ያ ሰማይ የሚመስለው ነገር እንጦጦ ነው። ከመካከላችን ቢያንስ አንድ ቀን እዚያ ያልወጣ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። አንዱ ለጸበል፣ አንዱ ለፎቶግራፍ፣ አንዱ ፈተና አልቆለት አእምሮውን ሊያናፍስ፣ ሌላውም እንደሚታወቀው ከአንዲት ልጅ ጋር በጸጥታ ሊነጋገር ወጥቷል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ የወጣነው ግን ለቁም ነገር ነበር። የከተማችን ሕዝብ በምን ዓይነት ቦታ ሲዝናና እንደኖረ ለዚህ መጽሔት አንድ ነገር ለመጻፍ አስበን፣ ደኑን በዓይናችን ለማየት ነው የሄድነው።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ባለው አቀበት ላይ፣ ጉልበታችን መክዳት ሲጀምር፣ እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት ቁልቁል ሲወርዱ አገኘናቸው። መንገድ ለቀቅንላቸው። እሳቸው ግን አላለፉም፤ ሸክሙን ከጀርባቸው ሳያወርዱ ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ግድግዳ ላይ አስደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«እንደምን ዋሉ እማማ» አልናቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጆቼ። ምን ጠፍቶባችሁ ነው ከዚህ ድረስ?»

«ኧረ ምንም አልጠፋብንም። ልንናፈስ ነው የመጣነው» አለ ጓደኛዬ።

ሳቁ። የክፋት ሳቅ አልነበረም። «ለመናፈስ? እኔማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስናፈስበት ኖሬያለሁ!» አሉን።

እውነቱን ለመናገር ይህ ጽሑፍ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። የያዝነው ማስታወሻ ደብተር «የእንጦጦ ደን ተጠቃሚዎች» የሚል ርእስ ነበረው። ከሥሩ ጎብኚ፣ ስፖርተኛ፣ ተማሪ፣ ቤተሰብ ብለን ዘርዝረን ነበር። እኚህ እናት ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ሠላሳ ዓመት የተመላለሰ ሰው ተጠቃሚ ካልተባለ፣ ተጠቃሚ ማን ነው? የሕዝብ በሆነ ደን ላይ የሕዝብ መዝናኛ ሲታቀድ «ሕዝብ» የሚባለውስ ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልሱን ከታሪክ እንፈልገው።

ሀ. ከተማይቱ በሽርሽር ተጀመረች

አዲስ አበባ እንዴት እንደተቆረቆረች ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ተምረናል። ሆኖም ነገሩን ከዚህ ከኛ ጥያቄ አንጻር ያየነው አይመስለኝም። ዳግማዊ ምኒልክ ከአዲስ አበባ በፊት ከተማቸውን ያደረጉት እንጦጦ ላይ ነበር። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፤ ለጦር ምሽግ ይመቻል፣ ለኑሮ ግን ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱ ከነአጀቡ እየወረደ ከፍል ውሃ ይታጠብ፣ ከሜዳው ላይ ድንኳን ተክሎ ይሰነብት ጀመር። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፤ ቤት ተሠራ፤ ስሙም በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተባለ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህች ከተማ የተወለደችው ከሽርሽር ነው። ከደጋው ብርድ ሸሽቶ ለመታጠብና ለመናፈስ የወረደ ሰው እዚያው ቀረና ከተማ ሆነ። «ለእኛ አገር ሰው መዝናናት የቅንጦት ነገር ነው» ለሚሉ ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

ከሽርሽሩ በስተጀርባ ግን የሚነድ እንጨት ነበር። ለአጥር፣ ለአዳራሽ፣ ለጎጆ፣ ከሁሉ በላይ ለማዕድ ቤት፣ የእንጦጦ ጥድና ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ ተቆረጠ። አንድ የጦር ሰፈር የሚያህል ሕዝብ በየቀኑ እንጀራ ይጋገርለታል፤ ጠላ ይጠመቅለታል። አንድ ትውልድ ሳይሞላ ተራራው ተራቆተ። በዚያ ዘመን የአገራችን ነገሥታት እንጨት ሲያልቅ ከተማውን ትተው ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ልማዳቸው ነበርና፣ ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ገደማ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታም አስጀምረው ነበር።

አዲስ አበባን ካለችበት ያቆያት ነገር ቢኖር ባሕር ዛፍ ነው። ዘሩን ያስመጣው ማን እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች አይስማሙም፤ የፈረንሳዊው የሞንዶን ቪዳዬ ስም ግን በብዛት ይነሣል። ዛፉ ከወደ አውስትራሊያ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ስለሆነ ሕዝቡ ስሙን ራሱ አወጣለት። ሲቆርጡት ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመታት ለማገር፣ ለወራጅና ለማገዶ ይደርሳል። ቤተ መንግሥቱም ችግኙን በርካሽ እያደለ፣ ባሕር ዛፍ የተተከለበትን መሬት ከግብር ነጻ እያደረገ አስፋፋው።

ደግሞም ብዙ ሳይቆይ ጸጸት መጣ። ዛፉ ምንጭ ያደርቃል ተባለ። እ.አ.አ. በ1913 ከተተከለው ባሕር ዛፍ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በምትኩ የእንጆሪ ዛፍ እንዲተከል አዋጅ ወጣ። ማን ይንቀል? ሰው በራሱ ማገዶና በራሱ ገንዘብ ላይ መጥረቢያ አያነሣም፤ አዋጁ ወረቀት ላይ ቀረ። ይህን ያነሣሁት ለጨዋታ አይደለም። ስለ እንጦጦ ደን ከላይ የሚታሰበውና ከታች የሚኖረው ነገር አለመገናኘቱ የቆየ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው።

ለ. ባለቤቱ ተለወጠ፣ ዱላው አልተለወጠም

እስከ 1966ቱ አብዮት ድረስ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ባሕር ዛፍ ብዙው የመኳንንት፣ የቤተ ክርስቲያንና የባለጸጋ ነበር። እ.አ.አ. በ1965 የወጡት የደን አዋጆችም የመንግሥት ደን፣ የግል ደንና የሚከለል ደን ብለው ከፋፈሉት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ፤ ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተከተለ። የባላባቱ ባሕር ዛፍ በአንድ ዓመት ውስጥ የሕዝብ ተባለ። እ.አ.አ. በ1980 ደግሞ ስለ ደንና ስለ ዱር አራዊት ጥበቃና ልማት አዋጅ ቁጥር 192 ወጣ። ከዚያም ለከተማይቱ ማገዶ የሚሆን ሰፊ ተከላ በዙሪያዋ ተካሄደ።

በወረቀት ሲታይ ትልቅ ለውጥ ነው። ከጀርባ ሲታይስ? ጀርባ ስል የምሬን ነው፤ የእንጨት ተሸካሚዋን ጀርባ ማለቴ ነው። ከሽሮ ሜዳ፣ ከቁስቋም፣ ከፈረንሳይ፣ ከኮተቤ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ዳገቱን የምትወጣው ሴት ደኑ የባላባት በነበረ ጊዜ ሌባ ነበረች። የሕዝብ ከሆነም በኋላ ሌባ እንደተባለች ቀረች። ጭራሮውንና ቅጠሉን ስትለቅም ጠባቂ ከደረሰባት ገመዷ ይቆረጣል፣ ሸክሟ ይወሰዳል፣ አንዳንዴም ዱላ ይከተላል። ላለመያዝ ጉቦ መክፈልም ነበር።

እ.አ.አ. በ1980ዎቹ ስለነዚህ ሴቶች የተደረገ ጥናት ከተማይቱ ከምታነደው እንጨት አንድ ሦስተኛ ያህሉ በሴት ጀርባ የሚገባ መሆኑን አመለከተ። የአንዷ ሸክም በአማካይ ከ30 ኪሎ በላይ ነው፤ የራሷን ክብደት ያህል የምትሸከምም አለች። አስቡት፤ የሊቃውንቱም፣ የሚኒስትሩም፣ የኛም የተማሪዎቹ እንጀራ ከሦስት ምጣድ አንዱ በነሱ ጀርባ ተጋግሯል ማለት ነው። ነገር ግን ይህን ሥራ የሚቆጥር መዝገብ አልነበረም። ለመንግሥት ስርቆት፣ ለጎረቤት ድህነት፣ ለኛ ለአላፊ አግዳሚዎቹ ደግሞ የመንገድ ትርኢት ነበር።

በነገራችን ላይ ሴቶቹን መላእክት፣ ጠባቂውን ሰይጣን ለማድረግ አልፈልግም። ከባሕር ዛፍ ሥር ቅጠሉ ተጠርጎ ሲወሰድ መሬቱ ይራቆታል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ወደ ቀበና ወንዝ ያወርደዋል። ይህም እውነት ነው። ጠባቂውም በትንሽ ደመወዝ የሚኖር የሰው ልጅ ነው። የኔ ነጥብ ሌላ ነው። ደኑ «የሕዝብ» ሲባል ሕዝቡ በደኑ ላይ ምን መብት እንዳለው የነገረው ሰው አልነበረም። መብቱ ስላልተጻፈ፣ የለም ተባለ።

ሐ. ያለ ፕላን የኖረ ሽርሽር

«መዝናኛ» የሚለው ቃል ሲነሣ ዛሬ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ካፌና የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ነው። የካና እንጦጦ ግን ፕላን የሚባል ነገር ሳይመጣ መዝናኛ ነበሩ። ጥር 12 ቀን የየካ ሚካኤል ታቦት ከጃን ሜዳ ሲመለስ መንገዱን የሚሞላው ሕዝብ አምልኮውን ፈጽሞ ሲያበቃ ምን ያደርጋል? ይጨፍራል፣ ሎሚ ይወረውራል፣ ዘመዱን ያገኛል፣ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ከተማውን ያሳየዋል። መስከረም 1 ቀን ራጉኤልን ሊሳለም፣ የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረትን ሊያነግሥ ተራራውን የሚወጣውም እንዲሁ ነው። ከየካ ኮረብታ ላይ ያለው ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ደግሞ፣ ሊቃውንት በዘመኑ ላይ ቢከራከሩም፣ ሰው ወደዚህ ደን ይመላለስ የጀመረው አዲስ አበባ ከመኖሯ ብዙ አስቀድሞ መሆኑን ይመሰክራል።

ጃን ሜዳም አለላችሁ። የገና ጨዋታ፣ የፈረስ ግልቢያ፣ ጥምቀት፣ እግር ኳስ፤ አንድ ሜዳ ሁሉንም ችሏል። ሯጮቹን ደግሞ አንርሳ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ሌሎች ስመ ጥር አትሌቶች ሳንባቸውን ያጠነከሩት በእንጦጦ ቀጭን መንገዶች ላይ ነው። እነዚያን መንገዶች የቀደደ መሐንዲስ አልነበረም። መንገዶቹን የቀደደው የእንጨት ተሸካሚዎቹ፣ የአህዮቹና የጸበልተኞቹ እግር ነው! ወርቅ ሜዳሊያው ላይ ስማቸው አይጻፍ እንጂ፣ ዱካቸው አለበት።

መ. ፕላን ያለው ሽርሽር

ለአዲስ አበባ ፕላን ያልሠራላት ባለሙያ ማን አለ? ከወረራው ዘመን ጣሊያኖች ጀምሮ፣ በለንደን ዙሪያ አረንጓዴ ቀበቶ እንዲከለል በማቀዱ ስሙ እስከገነነው እስከ እንግሊዛዊው ፓትሪክ አበርክሮምቢ ድረስ ብዙዎች ወረቀት ዘርግተውላታል። የአበርክሮምቢ ፕላን የቀረበው እ.አ.አ. በ1956 ነው። እንጦጦ ላይ በተግባር ወደ መናፈሻነት የተሄደው ግን እ.አ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በባሕር ዛፉ ምትክ የአገር ዛፎችን፣ ጥዱንና ወይራውን፣ ለመመለስ የእንጦጦ የተፈጥሮ ፓርክን ሥራ ጀመረ። በጉለሌ በኩልም የኛ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ የእጽዋት ማዕከል አቋቋሙ።

ቀጥሎ ትልቁ ሥራ መጣ። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የእንጦጦ ፓርክን መረቁ። የእግርና የብስክሌት መንገድ፣ የፈረስ ግልቢያ፣ በገመድ ላይ መንሸራተቻ፣ ካፌ፣ ማደሪያ፣ የሥዕል ማሳያ ሁሉ በውስጡ አለ። ባለፈው ዓመት የሄድኩበት ደን ከልጅነቴ ከማውቀው ጋር ሲወዳደር ንጹሕና የተጠበቀ መሆኑን መካድ ሐሰት መናገር ነው። አጎራባች ሰፈሮች የመጡ ወጣቶች ሥራ አግኝተውበታል። ምሽት ላይ ሴት ልጅ ሳትፈራ የምትሄድበት መንገድም ተገኝቷል። ከእንጨት ተሸካሚዎቹ መካከልም ሸክሙን ትተው ሌላ ሥራ የተሰጣቸው አሉ፤ ይህም መልካም ነው።

ታዲያ ምን ቀረ? የቀረው እንዲህ ነው። መንሸራተቻውና ግልቢያው በክፍያ ነው፤ ከፋይ ያልሆነው በእግሩ ይሄዳል። እርሱ ችግር የለውም። ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሥራ የተሰጣቸው እናቶች ሥራውን ያገኙት በችሮታ ነው እንጂ በመብት አይደለም። ችሮታ የሰጪው ነው፤ ዛሬ ይሰጣል፣ ነገ ይረሳል፣ ለአንዷ ይደርሳል፣ ለጎረቤቷ አይደርስም። የቀድሞዋ ተሸካሚ «ከዚህ ደን ስወጣ ይህን ያህል አጥቻለሁና ይህን ያህል ይገባኛል» ለማለት የምትቆምበት የሕግ ድንጋይ የላትም። ለምን ቢሉ፣ ከላይ እንዳልኩት፣ ከመጀመሪያውም እንደ ባለመብት ተቆጥራ አታውቅም።

ሠ. አንድ የለንደን ዳር ደን

«ይህ የድሀ አገር ጣጣ ነው» የሚል ካለ ወደ ለንደን ልውሰደው። ከከተማይቱ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ልክ የካ ከአዲስ አበባ መሐል ወደዚያው አቅጣጫ እንደምትገኝ ሁሉ፣ ኤፒንግ የሚባል ደን አለ። በአጠገቡ ያለችው የላውተን መንደር ሰዎች በክረምት ወራት ከዛፎቹ ቅርንጫፍ ቆርጠው የመውሰድ ጥንታዊ ልማድ ነበራቸው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ባለርስቶቹ ደኑን ማጠር ጀመሩ። ቶማስ ዊሊንጌል የተባለ የመንደሩ ሠራተኛ አጥሩን ንቆ እንደ አባቶቹ መቁረጡን ቀጠለ፤ እ.አ.አ. በ1866 ከቤተሰቡ ወጣቶች በዚሁ ነገር ታሰሩ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ የለንደን ሹማምንትና የከተማው ምሁራን ከመንደርተኛው ጎን ቆሙ። በመጨረሻም እ.አ.አ. በ1878 ፓርላማው ደኑ ሳይታጠር ለሕዝብ መናፈሻ ሆኖ እንዲኖር ሕግ አወጣ። በ1882 ንግሥት ቪክቶሪያ በቦታው ተገኝተው ለሕዝቡ ደስታ እንዲሆን አበረከቱት።

እስከዚህ ድረስ የኛን ታሪክ ይመስላል። ልዩነቱ ከዚህ ይጀምራል። መናፈሻ ሲሆን ቅርንጫፍ መቁረጡ መቅረት ነበረበት፤ ቀረም። ነገር ግን መንደርተኞቹ የነበራቸው ነገር «መብት» መሆኑን ሕጉ አምኖ ካሳ ተከፈለበት። በካሳው ገንዘብ በላውተን አዳራሽ ተሠራ፤ በ1884 ተከፈተ። ስሙም እስከ ዛሬ «የቅርንጫፍ ቆራጮች አዳራሽ» እንደማለት ነው። የእንጨት ለቃሚ ሥራ አበቃ፤ ክብሩ ግን በድንጋይ ተጻፈ።

ሁሉም አገር እንዲህ አላደረገም። ኒው ዮርክ ውስጥ ስመ ጥሩው ሴንትራል ፓርክ ሊሠራ ሲል በቦታው ላይ የነበረችው ሴኔካ ቪሌጅ የተባለች ብዙዎቹ ነዋሪዎቿ ጥቁሮች የሆኑባት መንደር እ.አ.አ. በ1857 ፈርሳለች። ባለቤት ለነበሩት ለመሬታቸው ዋጋ ቢከፈላቸውም፣ መንደሪቱ ከብዙ ሰው አእምሮ ጠፍታ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየች። እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ ማለት ነው፤ የላውተንና የሴኔካ። እኛ በየትኛው ላይ ነን?

ረ. መደምደሚያ

እኔ የታሪክ ተማሪ ነኝ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። ስለዚህ ስለ ካፌው ቁጥርና ስለ መንገዱ ስፋት የምለው የለኝም። ነገር ግን በሕዝብ ደን ላይ መናፈሻ የሚያቅድ ሰው ካርታውን ከመዘርጋቱ በፊት አንድ ሳምንት ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ከዳገቱ ሥር ቆሞ የሚያልፈውን ሰው ቢቆጥር እላለሁ። ማን ይወጣል? ማን ይወርዳል? ምን ይዞ? ዱካው ከፕላኑ ይቀድማል። ያኔ የጸበልተኛው መንገድ በአጥር አይቆረጥም፣ የሯጩ ሜዳ በመኪና ማቆሚያ አይተካም፣ ተሸካሚዋም ከሸክሟ ስትገላገል የሚገባት ነገር አስቀድሞ በወረቀት ላይ ይሰፍራል።

አንድ ነገር ልጨምር። በእንጦጦ ማርያም ሙዚየም የአጤ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ንብረት በክብር ተቀምጧል፤ ይገባልም። ከዚያው ተራራ ላይ በአንድ ጥግ አንድ ገመድ፣ አንድ መጥረቢያና አንድ እስር ጭራሮ ቢቀመጥ ምን ይጎድላል? ከተማይቱን የቆረቆሯትን አክብረናል። ከመቶ ዓመት በላይ ያሞቋትን ግን ገና አላሰብናቸውም።

ሸክሙ ይቅር። ማንም ሰው የራሱን ክብደት ያህል ተሸክሞ ዳገት መውረድ የለበትም፤ ይህን «ባህላችን» ብሎ የሚያወድስ ካለ አንድ ቀን ይሞክረው። እኔ የምለው፣ ሸክሙ ሳይቆጠር አይቅር ነው።

እኚያ እናት ትንፋሻቸው ሲመለስ «በሉ ገፋ አድርጉልኝ፣ ፀሐይ ሳይጠናብኝ» አሉን። ሦስታችንም ከኋላ ሆነን እንጨቱን ገፋን። እሳቸው ጎንበስ ብለው ተነሡ። ሦስት ጎረምሶች ሆነን ይከብደናል ብለን አላሰብንም ነበር፤ ከበደን። እሳቸው «ተባረኩ፣ በደንብ ተናፈሱ» ብለውን ወደ ፈረንሳይ በኩል ወረዱ። እኛም ማስታወሻ ደብተራችንን አውጥተን ከተጠቃሚዎቹ ዝርዝር አናት ላይ አንድ መስመር ጨመርን።